ምላሷ አንተ ጋ ናት

ውድ ብሎን፣

በዚያ ከተማ በዚህ ስም የሚጠራህ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔንም "መመሪያ" የሚለኝ ከጠፋ ቆይቷል። ፖስታው ውስጥ ጠጣር ነገር እንዳለ ገና ሳትከፍተው በጣትህ ሳትዳስሰው አልቀረህም። ስለ እሱ ኋላ እነግርሃለሁ። አስቀድሞ መስማት ያለብህ ሌላ ነው፤ መኪናችንን አስነስቻታለሁ። ያለ አንተ።

እናቴ ቤቱን ለቅቃ እህቴ ጋ ስለገባች የጓሮውን ጋራዥ ባዶ ማድረግ ነበረብኝ። በሩን ስከፍት መኪናዋ ሸራዋን እንደለበሰች፣ መሪዋ ትንሽ ወደ ግራ እንደዞረ፣ አንተ ባቆምክበት ነበረች። አይጥ በአንተ ወንበር ስፖንጅ ውስጥ ወልዳለች። ጎማዎቹ መሬት ላይ ተኝተዋል፣ ፍሬኑ ተጣብቋል፣ ታንኩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ጠቁሮ እንደ ቫርኒሽ ይሸታል። ኮፈኑን ከፍቼ መጀመሪያ ያየሁት ስፒንተሮጅኖውን ነው። ምላሷ የለችም። ከየት ትመጣለች? አንተ ኪስ ውስጥ ናት።

ያንን ውል የፈለሰፍከው አንተ ነህ። መኪናዋን በጋራ ስንይዛት፣ አንዳችን ሌላችንን ጥለን እንዳንነዳት ቁልፉ እኔ ጋ ሆነ፤ ስፒንተሮጅኖው ውስጥ እየዞረች ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የምታከፋፍለው ትንሿ ቁራጭ ደግሞ አንተ ጋ። ያለ እሷ መኪናዋ ድምፅ ስለማታሰማ "ምላሷ" አልናት። እሁድ ጠዋት በሩን አንኳኩተህ፣ ቁራጯን በሁለት ጣትህ ከፍ አድርገህ፣ "ታናግረን ወይስ ትተኛ?" ትለኝ ነበር።

ከዚያ ቤንዚን የሚረጭላት ኢንጄክሽን ማስቸገር ጀመረ። አንተ፣ "አውጥተን ሁለት ካርቡሬተር እንግጠምላት፤ በመፍቻና በጆሮ የሚስተካከል ነገር ይሻለናል" አልክ። እኔ እንደ ስሜ የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ ገልጬ፣ ከፋብሪካ እንደወጣች ካልሆነች መኪናዋ ራሷ አይደለችም ብዬ ሞገትኩህ። እስከዚህ ድረስ የወትሮው ጭቅጭቃችን ነበር። "አንተ የከበደህን ሁሉ አውጥተህ መጣል ይቀናሃል፤ ትዳርህንም ያደረግከው እንዲሁ ነው" ያልኩህ ግን የወትሮው አልነበረም። ሚስትህ ከሄደች ገና ወር አልሞላትም ነበር። የሄደችው እሷ እንጂ የጣልካት አንተ እንዳልሆንክ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

እጅህን በጨርቅ ጠረግህ፣ ምላሷን ነቅለህ ኪስህ ከተትክ። "በል መመሪያህ ያስነሳልህ" ብለህ ወጣህ። በሩ ክፍት ስለነበር ልከተልህ እችል ነበር። እኔ ግን በደንብ የተዘጋውን ኮፈን እየከፈትኩ መልሼ ስዘጋ ቆየሁ።

መኪናዋን አስጎትቼ የወሰድኳት ጡሩንባ የሚሉት መካኒክ ጋ ነው፤ ሲያወራ መንገድ ማዶ ይሰማል። ኢንጄክሽኑን ፈታትቶ አገላብጦ አየና፣ "ጋሼ፣ ይሄ ዕቃ ሞቷል፤ እርምህን አውጣ" አለኝ። መለዋወጫ ያልጠየቅሁበት ቦታ የለም። በመጨረሻ "እንግዲያው ካርቡሬተር ግጠምላት" ስል ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ።

ሁለቱን ካርቡሬተሮች ገጠመ። ቤንዚኑን በአሮጌው ፓምፕ ሊያደርስላቸው ሲል ከለከልኩት።

"ተው፣ የዚህ ግፊት ለካርቡሬተር ይበዛል። ቤንዚን ያሰጥማቸዋል።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆንከው?"

"ጓደኛዬ ነው የነገረኝ።"

"ታዲያ እሱ የታለ? እኔን ከምትነተርከኝ እሱን አታመጣውም ነበር?"

ልስቅ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። እሱ ግን ፓምፑን ቀየረው።

ምላሷን ከጎረቤት ሱቅ ገዝቶ መጣ። ይህን ያህል ቀላል ነበር፣ ብሎን። ያን ሁሉ ዓመት እኔም ሄጄ ልገዛት እችል ነበር፤ አላደረግኩትም። ካንተ ጋር ባለኝ ነገር ሁሉ ቀና ብዬ የምናገረው ምላሷን አለመግዛቴን ብቻ ነበር። እሱም ያን ቀን አለቀ። "ተዋት" ማለት ሲገባኝ ቁልፉን አወጣሁ።

ሞተሩ ሲነሳ ጡሩንባ የቀጭን የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ሌላውን ጫፍ የካርቡሬተሮቹ አፍ ላይ እያፈራረቀ አየር ሲስቡ ያዳምጥ ጀመር። ለእኔም ሰጠኝ። አንዱ ይጮሃል፣ ሌላው ያቃስታል። "ይሄኛው ለብቻው እየለፋ ነው፤ ያኛው ተኝቷል" አለኝ። ሁለቱ እኩል እስኪስቡ ድረስ በመፍቻ ትንሽ ትንሽ ነካካቸው። ሞተሩ ረጋ። በአፍህ እያስመሰልክ "እንዲህ ነው የምትለው" ትለኝ የነበረው ድምፅ ነው፤ ቁርጥ እሱ።

ብቻዬን ነዳኋት። እስከ መስቀለኛው መንገድ ድረስ፣ አልዋሽህም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። እዚያ ስደርስ ቆምኩ። የሚከፈተው የሸራ ጣሪያዋ ሲዘጋ በቀኝ በኩል እንደማይታየኝ ታውቃለህ፤ ሁልጊዜ አንገትህን አስግገህ "ቀኝ ነፃ ነው!" የምትለኝ አንተ ነበርክ። ሳላስበው ያንን ቃል ስጠብቅ ኖሯል። ከኋላዬ የነበረው ሹፌር ክላክሱን ተጭኖ፣ "አባቴ፣ እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?" አለኝ። ዞር ስል ወንበርህ ላይ ያለው አዲሱ ስፖንጅ ብቻ ነው፤ ማንም አልተቀመጠበትም። በሌላ መንገድ ዞሬ መለስኳት።

ጡሩንባ ጋ ስደርስ የገዛትን ምላስ ነቅዬ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። "ጋሼ፣ ጤናህን ነው? አሁን እኮ ነው መናገር የጀመረችው!" አለኝ። "የእሷ ምላስ ሌላ ቦታ ናት" አልኩት። ወደ እኔ ቤት ያስገባናት በሰው እየተገፋች ነው።

ስለ ካርቡሬተሩ ልክ ነበርክ። ይህ ቀላሉ ነው። ስለ ትዳርህ የተናገርኩት ውሸት ነበር፤ ስናገረውም ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር፤ እንዲያምህ ብዬ ነው የተናገርኩት። ይቅርታ አድርግልኝ ለማለት ይህን ያህል የቆየሁት፣ ስትመጣ በአፌ እነግርሃለሁ እያልኩ ነው። አንተ ግን የምትመጣበትን ምክንያት እኔ አጥፍቼብህ ነበር።

ፖስታው ውስጥ ያለው ቁልፉ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለኝም። ከእንግዲህ ሁለቱም አንተ ጋ ናቸው። ልትነዳት ብትመጣ አጠገብህ ተቀምጬ ቀኙን አይልሃለሁ። ብቻህን ልትወስዳትም ብትመጣ በሩን እከፍትልሃለሁ፤ መብትህ ነው። ባትመጣም ቁልፉን መልስልኝ አልልህም። ጎማዎቿን ግን ንፋስ መሙላቴን አልተውም።

መመሪያ ነኝ፤
ስሙን ልትነጥቀኝ ብትፈልግ አልቀየምህም።