በረዶ እናሳይሽ ብለው

ይድረስ ለእታለም፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ እንደምን አሉ? የደብረ ታቦር ብርድ ዘንድሮ ጠንክሯል ሲሉ ሰማሁ፤ ደረትሽን ሸፈን አድርጊ። እኔን ከጠየቅሽኝ አልታመምሁም፤ ደክሞኛል እንጂ። እዚህ ጀርመን በዓል ሲደርስ የአረጋውያኑ ቤት ሠራተኞች ፈቃድ ይወጣሉ። ሽማግሎቹን ማጠቡና ማጉረሱ ለእኔና ለመሰሎቼ ይተርፋል። ይህን ስጽፍልሽም እግሬ አብጦ ትራስ ላይ ሰቅዬው ነው።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ማስተዋል ናት፤ አብራኝ የምትሠራው የእብናቷ ልጅ። ለጥምቀት አገር ቤት ትገባለች። በስልክ ያላወራሁሽ፣ አንድ ነገር በጠየቅሁሽ ቁጥር “ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው” እያልሽ ስለምትዘጊብኝ ነው።

ከኅዳር ማለቂያ ጀምሮ ማስተዋልና ጋሽ ሙላቴ ብቻዬን አላስቀምጥ አሉኝ። ጋሽ ሙላቴን ታውቂያቸዋለሽ፤ የገሳዩ ሰው፣ እዚህ አውቶቡስ የሚነዱት። ድሮ በዓመት በዓል ቢደውሉልኝ ነበር። አሁን ግን ፈቃዴን እየጠበቁ “ተነሺ፣ አገር እናሳይሽ” ይሉኛል።

የፈረንጆቹ ገና ማግስት በረዶ እናሳይሽ ብለው በባቡር ወሰዱኝ። ተራራው ላይ በሽቦ በተንጠለጠለ ሳጥን ወጣን። ጫፉ ላይ ምድሩ ሁሉ ነጭ ነው። የጉና ውርጭ ፀሐይ ሲያየው ይለቃል፤ ይህን ግን ፀሐይም አይደፍረው። ትልልቁ ሰው እንደ ሕፃን እየተንሸራተተ ይስቃል። ጋሽ ሙላቴ ፎቶ ሊያነሱኝ “ሳቂ እንጂ” አሉኝ፤ ሳቅሁ። የላክሁልሽ ፎቶ እሱ ነው። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጡና “ልጄ” አሉኝ። “አቤት” አልሁ። ጓንታቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ። “አይበርድሽም?” አሉ። አይበርደኝም አልኋቸው። “በይ ለማንኛውም ሻይ እንጠጣ” ብለው ተነሡ። ማስተዋል ፊቷን ወደ ገደሉ አዙራ ነበር።

ከዚያ በፊት በገና መብራት ያጌጠውን ገበያቸውን አሳይተውኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ በወንዙ ላይ በመርከብ አዞሩኝ፣ የድሮ ንጉሣቸውን ቤትም አስጎበኙኝ። የትም ብንሄድ ያው ነው። አንድ ነገር ሊሉ ይጀምሩና ስለ ብርዱ ያወራሉ። እኔ እንቅልፍ እየጣለኝ፣ እምቢ ብላቸው እንዳይከፋቸው እከተላለሁ።

የልደት ዕለት ጋሽ ሙላቴ ቤት ተሰበሰብን። ማዕዱ ሳይቀርብ ወደ ጓዳ ገብቼ ደወልሁልሽ። እማዬን አገናኚኝ ስልሽ “ለጉልበቷ ወንዛዬ ፍል ውኃ ገብታለች” አልሽኝ። እታለም፣ እማዬ በልደት ቤቷን ጥላ የት ሄዳ ታውቃለች? ያን ጊዜ ከልጆችሽ አንዱ ነክቶት ይሁን እንጃ፣ ስልኩ ምስል አመጣ። ነጠላሽን አየሁት፤ ጥለቱ አንገትሽ ላይ ነው። ሻሽሽ ሸርተት ብሎ ፀጉርሽንም አየሁት፤ ከሥሩ ተቆርጧል። ወዲያው ጠፋ።

ስመለስ ሁሉም ማዕዱን ከበው ጠበቁኝ። ጋሽ ሙላቴ ከመቀመጫቸው ተነሡ። “ልጄ” አሉ። የጋቢያቸውን ጫፍ ይጠመዝዛሉ። ያ ሁሉ ባቡር፣ ያ ሁሉ መርከብ ለምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። በየሄዱበት ሞክረው ሞክረው አቅቷቸዋል። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲጨነቅ ማየት አልቻልሁም። “ይቀመጡ ጋሽ ሙላቴ፤ በዓል ነው፣ ወጡ ይቀዘቅዛል” አልኋቸው። ተቀመጡ። ማስተዋል ልታጎርሰኝ እጇን ዘረጋች፤ ጎረስሁ።

በማግስቱ ሥራ ገባሁ። አንዲት አሮጊት አሉ፣ ዘወትር ፀጉራቸውን የማበጥርላቸው። እያበጠርሁ ሳለ እጄ ቆመ። ምን ሆነሻል አሉኝ በቋንቋቸው። ደክሞኝ ነው አልኋቸው። እጄን ይዘው ጉንጫቸው ላይ አሳረፉት፤ ሌላ አልጠየቁኝም።

እታለም፣ አልተቀየምሁሽም። በሰው አገር ብቻዋን ትሰማለች ብለሽ ፈርተሽ ነው። ጋሽ ሙላቴን ግን ከዚህ ሸክም አውርጂያቸው። ከእንግዲህ የትም አይውሰዱኝ፤ የማይበት ዓይን የለኝም። ደብዳቤው እንደደረሰሽ በሚመጣው እሑድ አንቺው ደውዪልኝ። እሳቸውንና ባለቤታቸውን አጠገቤ አስቀምጣለሁ፤ ብቻዬን አይደለሁም። ወንዛዬን አታንሺብኝ። ማን አጠገቧ እንደነበር፣ ምን እንዳለች፣ እኔን ጠርታ እንደሆነ ንገሪኝ። እኔም አዲስ እንደሰማ ሰው አለቅሳለሁ።

ልጆችሽን የታቦር አምላክ ያሳድግልሽ፤ ቤትሽን በሰላም ይጠብቅልሽ። ታላቄ ስለሆንሽ ይህን ቃል ቀድመሽ ልትዪኝ የሚገባሽ አንቺ ነበርሽ። እስክትደውዪ አላስችል ቢለኝ እኔው ቀደምሁሽ፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ታናሽ እኅትሽ