«ሰው ነኝ» ብለሽ አትጣሪ

ለልጄ እጮኛ፣

እንዴት ሰነበትሽ ልጄ? እናትና አባትሽስ? የተራራው ብርድ በርትቶብሽ ይሆን? እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። እጄ ለመጻፍ ስለሚዘገይ ይህን ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ።

ጎረቤቴ ፓሲንግ የሰማችውን ሰሞኑን ነገረችኝ። ያን ዕለት ከለቅሶው ወጥተሽ ወደቡ ላይ መርከብ ስትጠብቂ፣ «እናቱ አልወደደችኝም፤ ያን ሁሉ መንገድ መጥቼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እንኳ አላለችኝም። ስወጣም ከወንበሯ አልተነሳችም» ብለሽ አለቀስሽ አሉ። ምነው ያኔውኑ ብትነግሪኝ ብላት፣ «ኀዘንሽ አንሶሽ ነው?» አለችኝ።

ልጄ፣ በእኛ ደሴት አስከሬን ቤት ውስጥ እያለ ቤተሰብ እንግዳ አያመሰግንም፤ በር ድረስም አይሸኝም። የተሸኘውን ሞት ይከተለዋል ይላሉ። ስትነሺ እግሬ አብሮሽ ሊነሳ ነበር፤ ጉልበቴን በሁለት እጄ ይዤ አስቀመጥኩት። እጮኛሽ ክሪስፒን ይህን ሳይነግርሽ ቀረ። እሱስ የራሱ ለቅሶ ላይ ትመጣለች ብሎ መች አሰበ?

ሌላውን ግን አስተምሮሽ ነበር። ስትመጪ ከደረጃው ሥር ቆመሽ «ሰው ነኝ!» ብለሽ ተጣራሽ። ካርታ የሚጫወቱት ወንዶች ሳቁ፤ ፓሲንግም «ሰው መሆንሽንማ እያየን ነው፤ ይልቅ ግቢ!» አለችሽ። ፊትሽ ሲቀላ አየሁ። አንቺን ንቀው እንዳይመስልሽ። ዛሬ ይህን የሚለው አትክልት ሻጩና የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ነው። በምርጫው ሰሞን አንድ ተወዳዳሪ እንዲሁ ቢጣራ፣ ፓሲንግ «ማስረጃ አለህ?» ብላ አባርራዋለች።

የቃሉን መነሻ የነገረችኝ አማቴ ናት፤ ክሪስፒንን በሆዴ ይዤ ሳለሁ። ድሮ፣ መብራት ሳይገባ፣ በጨለማ የሚዞር ክፉ ነገር ነበር ይላሉ፤ የሚፈልገውም ነፍሰ ጡር ያለችበትን ቤት ነው። መልኩን እንደ ሰው ቢያደርግም «ሰው ነኝ» ማለት አይችልም። እና የመጣ ሁሉ ይህን ካላለ በር አይከፈትለትም ነበር።

እዚህ ሳለሽ ሩዙን ገፋ አድርገሽ ጥሬ ማንጎ በጨው ስትበዪ አይቻለሁ። ምንም አልጠየቅሁሽም። አሁንም አልጠይቅሽም።

ከቀብር ስንመለስ፣ እንደ ልማዳችን፣ ነፍሴ እዚያ እንዳትቀር ስሜን ጠርቼ «ነይ ወደ ቤት እንሂድ» አልኩ። አንቺ ከቀብሩ በፊት ብትሄጂም፣ ቀጥዬ ያንቺን ስም ጠራሁ። ስሙን የማላውቀውንም አንድ ሰው፣ «ወንድ ሁን ሴት፣ ና ወደ ቤት እንሂድ» አልኩት። ፓሲንግ ሰምታ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። የክሪስፒን ስም አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። የሞተን ሰው ወደ ቤት አይጠሩም።

አሁን ተቀብሯል፣ አርባውም አለፈ፤ ማለት ይፈቀድልኛል። ስለመጣሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ።

ላልቶ የነበረውን የደረጃውን እንጨት አስጠግኜዋለሁ፤ ከብደሽ ብትመጪም ይችልሻል። ስትደርሺ ከታች ቆመሽ አትጣሪ። ያ የእንግዳ ቃል ነው። ዝም ብለሽ ወጥተሽ ግቢ።

ማርያም በተራራውም በባሕሩም መንገድ ትጠብቃችሁ።

እናታችሁ