እማዬን ካርዱ ላይ የማስገባት ሳምንት

ሰኞ

"በጤና መድን ካርድ አንሰራም" አለችኝ። የዊንጌቱ ክሊኒክ ልጅ ናት፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ከሷ በፊት ሁለት ክሊኒክ ገብቼ ነበር። መልሱ ያው ነው።

እማዬን ይዤ ነው የዞርኩት። ትናንት ለሶላት ውዱእ ስታደርግ የቀኝ እግሯን አውራ ጣት አየሁት፤ ቆስሎ ጠርዙ ጠቁሯል። ካልሲ አድርጋ ደብቃኝ ነበር። "ጫማ ልጦኝ ነው" አለች። መቼ ስላት "ሁለት ጁምዓ አልፎታል።"

ስኳር አለባት። አጎቴ እግሩን ያጣው በእንዲህ ያለ ቁስል ጀምሮ ነው። የእማዬን ጣት አላስቆርጥም። በቃ።

ለአንድ ቀን በጥሬ መክፈል አያቅተኝም። ግን ይሄ ቁስል ለወራት ነው የሚታጠበው፣ መድኃኒቱም አለ። ታዲያ መድን የገባነው ለጌጥ ነው?

ማክሰኞ

አስቴር ሳቀችብኝ። ሱቋ ከሱቄ ጎን ነው፣ ጎረቤቴም ናት። "ክሊኒክ ለክሊኒክ ምን ያንከራትትሻል? ካርዱ የሚሰራው ጤና ጣቢያ ነው። ቁስል ላይ እጁ የሚያድን ጤና መኮንን አለ እዚያ።" ሰው ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ እሱ ግን ጤና መኮንን ነኝ እያለ ያርማል አሉ።

ሄድን። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ካርዳችንን ገለጠች። እኔ፣ ባለቤቴ ሰዒድ፣ ሁለቱ ልጆቼ። "እናትዎ የሉበትም" አለችኝ።

በጥሬ ልክፈል አልኩ። እማዬ ጭራሽ ተነሳች። "ለኔ ጣት የሰዒድን ገንዘብ አታወጪም" ብላ እያነከሰች ወጣች። ቆሽቴ አረረ።

ቤት ገብቼ ጠየቅኋት። ለካ መዝጋቢዎቹ የመጡ ቀን ቤት የነበረችው እሷ ናት። ስንት ናችሁ ሲሏት "አራት ናቸው፣ እኔ እንግዳ ነኝ" ብላቸዋለች። ሰዒድም አራት ፎቶ አምጣ ተባለ፣ አራት ወሰደ። እኔስ ብሆን? ካርዱን ተቀብዬ ሳልገልጠው መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

ከወሎ ከመጣች ሰባት ዓመቷ ነው። ለጠየቃት ሁሉ "እንግዳ ነኝ፣ አዝመራው ሲገባ እሄዳለሁ" ትላለች። ስንት አዝመራ ገባ! ለሷ ሴት ልጇ ቤት፣ አማች ላይ ተጠግቶ መኖር ነውር ነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ።

ረቡዕ

ሱቄን ዘግቼ ወረዳ። ሠራተኛው ፋይሉን እያገላበጠ "ምዝገባው አልፏል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይምጡ" አለኝ።

"ጣቷ እስከዚያ ይጠብቃል?"

"ደግሞ እናትዎ ከገጠር መሸኛ ደብዳቤ ያስፈልጋቸዋል።"

አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። ለምሳ ወጣ፣ ተመለሰ፣ አለሁ። ሻይ ጠጥቶ መጣ፣ አለሁ። ጥበቃው "እህቴ፣ ነገ ብትመጪ አይሻልም?" ሲለኝ ነገም እመጣለሁ አልኩት። ማታ ቤት ብገባ የሚጠብቀኝ ያ ጣት ነው፣ ወዴት ልሂድ?

ሊዘጉ ሲሉ ሠራተኛው ተሸነፈ። "ኃላፊዋ ዓርብ ጠዋት ትገባለች። እናትዎንና ሁለት የሰፈር ምስክር ይዘው ይምጡ። ነዋሪ መሆናቸውን በራሳቸው አፍ ካሉ ቤተሰብ ላይ መጨመር ይቻላል።"

በራሳቸው አፍ! ከወረዳው ይልቅ የፈራሁት ይሄንን ነው።

ሐሙስ

ቁስሉ መሽተት ጀምሯል። አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት ውሃ አጠብኩላት። ፈራሁ።

ከሰዓት አስቴር የራሷን እናት ካርድ ይዛ መጣች። "ፎቶው ደብዝዟል፣ እማማ ሻርፕ ከለበሱ ማን ይለያል? ውሰጂው።" ከልቧ ነው። አልዋሽም፣ እጄን ዘርግቼ ነበር።

እማዬ ከአልጋዋ ሆና "እኔ ዘሃራ ነኝ" አለች። "በሰው ስም ታክሜ ብሞትስ፣ በሰው ስም ልትቀብሪኝ ነው?"

አስቴር ሳቀች። እኔ ግን ተናድጄ ነበር። "በስምሽ መታከም ትፈልጊያለሽ፣ ደግሞ እንግዳ ነኝ ትያለሽ። አንዱን ምረጪ እማዬ" አልኳት። እንዲህ ተናግሬያት አላውቅም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እራት አልበላችም።

ዓርብ

ስነሳ ለብሳ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች።

ምስክሮቻችን አስቴርና የእድሩ ሰብሳቢ ነበሩ። ኃላፊዋ ጎልማሳ ሴት ናት፤ ምስክሮቹን ሰምታ ወደ እማዬ ዞረች። "እማማ፣ ነዋሪ ነዎት ወይስ እንግዳ?"

እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። እኔ ልመልስላት አፌን ስከፍት አስቴር ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

"ነዋሪ ነኝ" አለች እማዬ። "ሰባት ዓመቴ ነው። ልጆቹን ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ፣ እሷ ሱቅ ስትውል። እንግዳ ነኝ የምለው አማቿ ላይ ተቀምጣ ትበላለች እንዳልባል ነው።"

ኃላፊዋ ብዕሯን አንስታ "የኔም እናት እንደዚሁ ትላለች" አለች። አምስተኛዋ ፎቶ ተለጠፈች፣ ትንሽ ጠመም ብላ። ማህተሙ ግማሹ ጉንጯ ላይ አረፈ።

ቅዳሜ

ጤና መኮንኑ ገና ወጣት ነው። ተንበርክኮ ካልሲዋን ራሱ አወለቀ። የሞተውን ቆዳ ሲቆርጥ እማዬ "ወይኔ" አለች።

"ካመመዎት ጥሩ ነው፣ እናቴ። ስሜት አለው ማለት ነው።"

ጣቱ ይተርፋል ወይ አልኩት። "አሁን ቃል አልሰጥሽም። በየሁለት ቀኑ ትምጣ፤ ካልተሻላት ሪፈር እጽፍላታለሁ። ሌላ ሳምንት ብትቆዩ ግን የምናወራው ስለ ጣት አልነበረም።"

ከታዘዙት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ የለም፣ ሰኞ ይገባል ተባለ። ባይገባ ያቺ የመድኃኒት ቤቱ መስኮት እኔን ታየኛለች።

ስንወጣ እማዬ ክንዴን ይዛ ቀስ እያለች ትራመዳለች። "ሰኞ ባጃጅ ላይ አስቀምጪኝ እንጂ ብቻዬን እመጣለሁ። አንቺ ሱቅሽን ክፈቺ" አለችኝ።

እሺ አልኳት።

ጥቂት ሄደን ቆመች። "ስመለስ በሩን ማን ይከፍትልኛል? ለኔም አንድ ቁልፍ አስቀርጪልኝ እንጂ።"

በሰባት ዓመት ቁልፍ ጠይቃኝ አታውቅም። ጣቷ ይተርፍ እንደሆነ አላውቅም። ቁልፉን ግን እዚያው ታች መንገዱ ዳር ቁልፍ ቀራጩ ጋ ቆመን አስቀረጽኩላት፤ በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራው ቤት ገባች።