ከተቆለፈው በር ጀርባ ስለተለጠፈው የምዝገባ ማስታወቂያ

ለተከበሩ አቶ ይገዙ፣ የልጄ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር
ጉለሌ

ክቡርነትዎ፣ ክረምቱ እንዴት አለፈልዎት? የእንጦጦ ብርድ ጉልበትዎን ሳይነካው፣ ጉንፋንም ሳያስቸግርዎት፣ በሙሉ ጤንነት ወደ ወንበርዎ እንደተመለሱ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም ከስምንት ዓመት ልጄ ከኢየሩ ጋር ፍቼ እህቴ ዘንድ ከርሜ ነሐሴ 30 ቀን በደህና ገብቻለሁ። ቤታችንን እንደተውነው አገኘነው። የጠፋው የልጄ የሦስተኛ ክፍል ቦታ ብቻ ነው።

በሰኔ መጨረሻ፣ ሰርተፍኬት በተሰጠበት ዕለት፣ ወላጆች ፊት ቆመው ልጆቻችን ክረምቱን እንዲያርፉና ዘመድ እንዲጠይቁ መክረው፣ ምዝገባ ጳጉሜን 1 ቀን እንደሚጀመር በራስዎ አንደበት ነግረውን ነበር። እኔም የሰው ቃል የማምን ሞኝ ነኝና በተባለው ቀን ገና በማለዳ ከበርዎ ቆምኩ። ምዝገባው ካለቀ ሁለት ሳምንት አልፎት፣ የልጄም ቦታ ለሌላ ተሰጥቶ ጠበቀኝ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1. ቀኑን ስለመረጡልን። ምዝገባውን ወደ ነሐሴ 13፣ ወደ ቡሄ ዕለት፣ አምጥተው በሦስት ቀን መዝጋትዎ ግማሹ ወላጅ ክፍለ ሀገር፣ ግማሹ ሱባኤ ላይ መሆኑን በሚገባ ያገናዘበ ነው።

2. ማስታወቂያውን ከዝናብ ስለጠበቁልን። ቀኑ መቀየሩን የሚገልጸውን ወረቀት ግቢ ውስጥ ካለው ሰሌዳ ላይ አስለጠፉት፤ ግቢውን ደግሞ አስቆለፉት። ጥበቃው ጋሽ ወልዱ፣ ለምዝገባ መጥቻለሁ ላላለ ሰው በሩን እንዳይከፍቱ መታዘዛቸውን አንገታቸውን ደፍተው አጫውተውኛል። እንግዲህ ማስታወቂያውን ለማንበብ ምዝገባ መኖሩን ማወቅ፣ ምዝገባ መኖሩን ለማወቅም ማስታወቂያውን ማንበብ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። በሩ የተከፈተላቸው ሰዎች ከማን ሰምተው እንደመጡ አልጠይቅም፤ ዘመድ መኖሩ ጥሩ ነው።

3. ዕረፍቴን ስላከበሩልኝ። ስልክ ቁጥሬ ከመዋለ ሕፃናት ጀምሮ መዝገብዎ ላይ አለ። ኢየሩ ጥፍሯን ሳትቆረጥ በመጣች ቀን ከሥራ አስጠርታችሁኛል። ቦታዋን ለሌላ ስትሰጡ ግን ልታስቸግሩኝ አልፈለጋችሁም።

4. ስለ ምክርዎ። ቢሮዎ ገብቼ ስለምንዎት፣ ከወረቀትዎ ቀና ሳይሉ፣ ወላጅ ማስታወቂያ መከታተል እንዳለበትና ሌላ ትምህርት ቤት እንድፈልግ ነገሩኝ። ጳጉሜን ላይ ማለት ነው። ከዊንጌት እስከ አዲሱ ገበያ ያላንኳኳሁት በር የለም፤ ሁሉም ሞልቷል። እዚህ ላይ ትሕትናዬ አለቀ፤ በጣም ተናድጃለሁ። የራስን ጥፋት ለስምንት ዓመት ልጅ ማሸከም ነውር ነው፣ ክቡርነትዎ።

የትውልድ ቀረጻው ኃላፊነት እንዳያደክምዎ፣ አዲሱም ዓመት የሰላምና የተድላ እንዲሆንልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣

ከበርዎ ውጭ የቆመች ታዛዥዎ
ሐመልማል ቶሎሳ
ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኢየሩ የሆነውን ገና አልሰማችም። ይህን ስጽፍ እሷ ጓዳ ሆና አዲሶቹን ደብተሮቿን እየለበደች ነው፤ ልነግራት ሞክሬ አቃተኝ። ሰኞ መስከረም 6 ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ ትመጣለች። ይህ ደብዳቤ ከበርዎ ላይ በውጭ በኩል ተለጥፏል፤ ማንበብ የተማረችውም ከእርስዎ ግቢ ነውና፣ አንብባ ሳትጨርስ ወጥተው እርስዎ ይንገሯት።