በዝግታ የሚቀዘፍበት ቀን

መጋቢት 12፣ ዓርብ

የልጅ ልጄ ማዕዛ ዛሬ ሳሎን ባለው የመቅዘፊያ ማሽን ሁለት ሺህ ሜትሩን ጨረሰች። ሰዓት የያዝኩት እኔ ነኝ። ከስድስት ሳምንት በፊት ከቀዘፈችበት ዘገየች። የባሕር ዳሩ የቀዘፋ ክለብ ቀዛፊዎቹን ሊመርጥ አሥር ቀን ቀርቶታል።

አሠልጣኟ የላከላት ወረቀት በሳምንት ሁለት ቀን በኃይል፣ አራት ቀን ደግሞ እያወሩ መቅዘፍ በሚቻልበት ልክ ይላል። ያኔ ከስድስት ሳምንት በፊት፣ በዝግታው ቀን ከጓደኛዋ ከዘሃራ ጋር ስትሳሳቅ ሰማሁና ተናደድኩ። "ወሬ ነው ወይስ ሥራ?" ብዬ ወረቀቱን ከግድግዳው አንስቼ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ስድስቱንም ቀን በኃይል እንድትቀዝፍ አደረግኩ። እኛ ዝግታ ስንፍና ነው እየተባልን በአርጩሜ ተማርን፤ እኔም ሠላሳ ዓመት ያንኑ አስተማርኩ። ጾሙ ከገባ ወዲህማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆዷ ነው። "ደከመኝ" ስትለኝ "አትልፈስፈሺ" አልኳት።

ዛሬ አላለቀሰችም። ወረቀቱን ከመሳቢያዬ አውጥታ መልሳ ለጠፈችው።

"እማማ፣ ነገ በዝግታ ነው የምቀዝፈው። ሰዓቱን ይተዉትና ከጎኔ ቁጭ ብለው ያጫውቱኝ" አለችኝ።

ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ሰዓት ሳልይዝ ምን ብዬ እንደማጫውታት ግን አላውቅም።