ከሳጥኑ ላይ የቀረው ስምህ

ኤልቃና፣

የቦርድ ጨዋታችን አዲሱ እትም ትናንት ወጣ። አንዱን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ትቼልሃለሁ።

ሽፋኑ ላይ ያለው የእኔ ስም ብቻ ነው። አሳታሚው ተቀይሮ አዲሶቹ፣ «ውሉን የፈረመው አንድ ሰው ነው፤ ሌላ ስም አናስገባም» ሲሉኝ ዝም አልኩ። ካርዶቹን በሙሉ የሳልካቸው አንተ መሆንህን አልነገርኳቸውም።

ይህን ከሌላ ሰው ሰምተህ መሪ ሰፈር ወዳለችው እህትህ ከሄድክ ሦስት ሳምንት ሆነህ። በሁለታችንም ወንበር እየተቀያየርኩ ብቻዬን ልጫወተው ሞከርኩ።
ጨዋታ አልሆነም።

አሁን ወደ አሳታሚዎቹ ቢሮ እየሄድኩ ነው። ስምህ ካልገባ ሁለተኛው ዙር እንዳይታተም እነግራቸዋለሁ። ከሰፈራችን ከፈረንሳይ ታክሲ ስለማይገኝ በጠዋት ወጣሁ።

ዛሬ የውሃ ተራችን ነው፤ በርሜሉን ሙላው።

የመጣኸው ልብስህን ለመውሰድ ብቻ ቢሆንም፣ እባክህ እስክመለስ ጠብቀኝ።

ጌድዮን