ቁጥር አንድ ማነው?

ማክሰኞ፣ ጥር 16። ጠዋት 1፡30

ብርድ። ከሌሞ ገጠር የሚመጡት ጋሪዎች ገና ከተማ አልገቡም። ቀዩን ቀለም በነጭ ጋዝ እያቀጠንኩ ነው። ቀበሌው ለቅዳሜ ስብሰባ ሌላ የጨርቅ መፈክር ይፈልጋል። እጅ ጽሑፍህ ያምራል ብለው ሥራውን የጫኑብኝ እነሱ ናቸው። ከዚያ ደግሞ ት/ቤት፣ ሦስት ክፍለ ጊዜ ታሪክ።

ትናንት ከመ/ር ላምቤቦ ጋር እንደገና ተጣላን። ያው በአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ደረጃ። አንቺ ደብተር ታውቂያለሽ፤ ከለውጡ በፊት እዚህ ያስተምር የነበረው ፈረንጅ ትቶት በሄደው መጽሔት ላይ የውጭ ምሁራን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደርድረዋቸው ነበር። መጽሔቱን ፈርተን አቃጠልነው። ዝርዝሩን ግን ገልብጬ አስቀረሁ፤ ስም ሳልጠራ፣ በቅጽል። 1. ነፃ አውጪው። 2. መሥራቹ። 3. ባለ ጎማ ወንበሩ። ታች ላይ ጄኔራሉ።

ላምቤቦ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ይልና አንደኛውን ያወርደዋል። ባሪያዎቹን ነፃ አውጥቶ መሬት ያልሰጠ ሰው እንዴት አንደኛ ይሆናል? ነው ክርክሩ። አባቱ የአያቴ ጭሰኛ ነበሩ። አንስቶብኝ አያውቅም፤ ትናንትም አላነሳውም። ተናደድኩ። ወረቀቱን ወርውሬለት፣ እንደፈለግክ አስተካክለው አልኩት። አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ሐሙስ፣ ጥር 18። ከቀኑ 8 ሰዓት

ላምቤቦ ተያዘ።

ጠዋት አሰሳ ነበር። ወረቀቱን ከኮቱ ኪስ አወጡት። የስውር ድርጅት አባላት ዝርዝር ነው ብለዋል፤ ቅጽሎቹ የህቡዕ ስም መስለዋቸው። ቁጥር አንድ መሪው መሆኑ ነው። ባለቤቱ ታደለች ት/ቤት ድረስ መጥታ ነገረችኝ። ምን ዝርዝር እንደሆነ ታውቃለህ ወይ አለችኝ።

አላውቅም አልኳት።

እውነቱን ብናገርስ? የኢምፔሪያሊስት አወዳሾች እንባላለን፤ ሁለታችንም። እሱም ይህን ስለሚያውቅ ነው ዝም ያለው። ብቻውን ሊሞትልኝ ነው። ፈሪ ነኝ። እዚህ ብቻ ልጻፈው።

ቅዳሜ፣ ጥር 20። ከሰዓት

ከስብሰባ መመለሴ ነው። አዳራሹ ሞልቷል። ላምቤቦን ፊት አቆሙት፣ ከንፈሩ አብጧል። ካድሬው ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ይጠይቃል።

«ቁጥር አንድ ማነው?»

«ሞቷል።»

«ቁጥር ሁለትስ?»

«እሱም ሞቷል። ሁሉም ሞተዋል፣ ጓድ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ካድሬው አልሳቀም። ማን ጻፈው ሲለው ላምቤቦ ዝም።

ከራሱ በላይ የእኔ መፈክር ተሰቅሏል፤ «አብዮታችን ወደፊት ይራመዳል»። «ራ»ን ስጽፍ እግሯን አስረዝሜ እጠመዝዛታለሁ፤ ተማሪዎቼ ሁሉ ይቀልዱብኛል። «መሥራቹ» ላይም ያችው ናት፣ «ጄኔራሉ» ላይም። ካድሬው ወረቀቱን የያዘው ከጨርቁ ሥር ቆሞ ነው። ማንም ልብ አላለም። ላምቤቦ ቀና ብሎ ጨርቁን አንድ ጊዜ አየ። ከዚያ አንገቱን ደፋ። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም።

የመሬት አዋጁ የወጣ ቀን ከአባቱ ጋር በእግሩ ሆሳዕና ገብቶ የጨፈረ ሰው ነው። ፀረ አብዮት ይሉታል።

ሰኞ፣ ጥር 22። ማታ 12 ሰዓት

ታደለች በየጠዋቱ ወደ እስር ቤቱ ቆጮ ይዛ ትሄዳለች። እስካሁን ተቀብለዋታል። ስንቅ ከተመለሰ ግን ሰውየው የለም ማለት ነው። ከተማው ይህን ለምዶታል።

የቀበሌው ሊ/መንበር አስጠራኝ። ለረቡዕ ስብሰባ አዲስ ጨርቅ። የሚጻፈው በወረቀት ተሰጠኝ፤ በፀረ ሕዝቡ ላምቤቦ ላይ አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድ። እሺ አልኩ። ጨርቁንም ተቀበልኩ።

አንድ ቀን ላምቤቦ፣ እኛ አገር ለመሪዎች ለምን ደረጃ እንደማይወጣ ልንገርህ ብሎኝ ነበር። ለደረጃ መጀመሪያ ከሥልጣን ወርዶ በሰላም ቤቱ የገባ መሪ ያስፈልጋል አለ። ያኔ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ዛሬ አስለቀሰኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 24። ጠዋት 2 ሰዓት

ጨርቁ ወለሉ ላይ ነው። ስሙን ልጽፍ ብዬ «ላ» ላይ ቆምኩ። ገልብጬ በጀርባው ዝርዝሩን ጻፍኩት። 1. ነፃ አውጪው። 2. መሥራቹ። እስከ ጄኔራሉ ድረስ። «ራ»ን እንደ ልማዴ ጠመዘዝኳት፤ ከወረቀቱ ጋር ያስተያዩት። ከሥሩ፦ የሞቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ናቸው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሙሉ ስሜን ከነአባቴ።

ተራውን አልቀየርኩም፤ መመሳሰል አለበት። በመሬቱ ጉዳይ ግን ልክ ነህ እለዋለሁ። ዛሬ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ።

2፡40

ታደለች መጥታ ነበር። ቆጮው በቅጠሉ እንደተጠቀለለ ነው። ትናንት ማታ ወደ ሌላ ቦታ ተወስዷል አሏት። የት እንደሆነ አልነገሯትም። ዝርዝሩ የእኔ ነው አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ጨርቁን አየች። ቆጮውን አቅፋ ሄደች።

ወደ ስብሰባው እሄዳለሁ። ቀለሙ ስላልደረቀ አይጠቀለልም። በከተማው መሃል ዘርግቼ ነው የምይዘው።